ከመጠን ያለፈ የአንጀት ጋዝን እንዴት ማቃለል ይቻላል?

በአንጀት ውስጥ ጋዝ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ጋዝ ያስወጣል፤ መጠኑም በአብዛኛው ከግማሽ ሊትር እስከ 1.5 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ጋዝን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ጋዙ ከልኩ አልፎ ሆድን ሲነፋ፣ ሲያስጮኽ፣ ሲቆርጥ ወይም ሰውን በሰው ፊት ሲያሳቅቅ ወደ ልኩ መመለስ ነው። ብዙዎች ጋዝ ባስቸገራቸው ቁጥር ያገኙትን ክኒን ይውጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ጋዝ ያመጣል» ሲባል የሰሙትን ምግብ ሁሉ እየተዉ ገበታቸውን ያጠብባሉ። ሁለቱም አካሄዶች ብዙ ጊዜ የማይሳኩት ጋዙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ስለሚጀመሩ ነው። በአፍ ተውጦ የገባ አየርና በትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት ጋዝ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ማንኛውንም የቤት ውስጥ ዘዴ ከመሞከር በፊት ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችን መለየት ይገባል። ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ፣ ማስመለስና ከባድ ሕመም ከተከተለ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርና ላብ የሚያመጣ ሕመምም «ጋዝ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላልና። በሰገራ ላይ ደም ሲታይ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፣ ተቅማጥ ሳያቋርጥ ሲቆይ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ሲኖር፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ ወይም የሰገራ ልማድ በድንገት ሲለወጥ ሐኪም መታየት አለበት። በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሴቶች ከዚህ ቀደም የማያውቁት የሆድ መነፋት ለሳምንታት ካልተዋቸው እንቁላል አመንጪ ዕጢዎቻቸው ጭምር እንዲመረመሩላቸው ቢጠይቁ መልካም ነው። ይህን ምልክት ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ስለሚቆጥሩት ደጋግሜ ባነሳው ደስ ይለኛል።

የጋዙን ምንጭ መለየት

ከምንውጠው አየር የሚገኙት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ናቸው። ትንሹ አንጀት መፍጨት ያልቻለው ምግብ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደግሞ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይም ሜቴን ይፈጥራሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም ሽታ የላቸውም። ሽታውን የሚያመጡት እንደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያሉ ድኝ ያለባቸው ጋዞች ሲሆኑ፣ ድርሻቸው ከጠቅላላው ጋዝ እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም ሽታው መክፋቱ ጋዙ መብዛቱን አያሳይም፤ ብዙ ጋዝ የሚያስወጣ ሰውም ሽታ ላይኖረው ይችላል።

ምንጩን ለመለየት የሚረዳው ዋናው ፍንጭ ሰዓቱ ነው። ከገበታ ሳይነሱ የሚጀምርና በግሳት የሚወጣ ጋዝ በአብዛኛው የተዋጠ አየር ነው። ከተመገቡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከእምብርት በታች የሚሰማ፣ ከጩኸትና ከቁርጠት ጋር የሚመጣና በታች የሚወጣ ጋዝ ግን ባክቴሪያዎች የፈጠሩት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጨጓራ ምግብ ሲቀበል ትልቁን አንጀት እንዲንቀሳቀስ ስለሚቀሰቅሰው፣ ምሳ እንደተበላ የሚወጣው ጋዝ ብዙ ጊዜ ከቁርስ ወይም ከቀደመው ራት የመጣ ነው፤ ሰውየው ግን ምሳውን ይወቅሳል። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የበሉትንና የጠጡትን፣ የወሰዱትን መድኃኒት፣ ሰገራ የወጡበትን ጊዜና ጋዙ ያስቸገረበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። ሲያነቡትም ከሕመሙ በፊት የነበረውን አንድ ምግብ ብቻ ሳይሆን የቀደሙትን ሁለት ገበታዎች ይመልከቱ።

የሚዋጥ አየር

በችኮላ መብላት፣ እያወሩ መጉረስ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ከረሜላ መምጠጥ፣ ማጨስ፣ በስትሮ መጠጣትና በልኩ ያልተቀመጠ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሁሉም አየር ያስውጣሉ። ጋዝ ያላቸው ለስላሳ መጠጦችና ቢራም ጋዙን በቀጥታ ወደ ጨጓራ ያስገባሉ። እነዚህን መቀነስ ቀላል ነው፤ ውጤቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል።

ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪው ሆዱ የተነፋ መስሎት ራሱን እያስገደደ የሚያገሳ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ አየሩን እስከ ጉሮሮው ድረስ ስቦ ወዲያው ይመልሰዋል እንጂ ከጨጓራው የሚያወጣው ነገር የለም፤ ከሚስበው አየር ከፊሉም ወደ ታች ስለሚወርድ መነፋቱ ይባባሳል። የማግሳት ስሜቱ ሲመጣ አፍን ጥቂት ከፍቶ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጎ፣ ደረትን ሳያነሱ በሆድ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይህን ልማድ ለማቋረጥ ይረዳል።

በአንጀት ውስጥ የሚብላላ ምግብ

አብዛኛው የጋዝ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስርና ቦሎቄ ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ የስኳር ዓይነቶች አሏቸው፤ የሰው አንጀት ደግሞ እነዚህን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። በመሆኑም ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሱና በዚያ ይብላላሉ። ይሁን እንጂ ጥራጥሬ ለጤና እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ ፈጽሞ መተዉን አልመክርም። ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት፣ በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ መቀቀልና የተቀቀለበትንም ውኃ ማፍሰስ ከስኳሮቹ ከፊሉን ያስወግዳል። ከዚያም በጥቂት ማንኪያ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ መጠኑን መጨመር አንጀት ቀስ በቀስ እንዲለምደው ያደርጋል። አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለውን የጎደለውን ኢንዛይም የያዙ ክኒኖችም አሉ፤ የሚሠሩት ግን ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ሲወሰዱ ነው። ጋዙ ከተፈጠረ በኋላ መዋጣቸው አይጠቅምም።

ሁለተኛው ተጠያቂ ወተት ነው። በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላይ ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ለማረጋገጥ ለሁለት ሳምንት ላክቶስ ያለበትን ምግብ ሁሉ መተውና ከዚያ ወተት ጠጥቶ ለውጡን ማየት ነው። ችግሩ ላክቶስ ሆኖ ቢገኝም እንኳ ብዙ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ያህል ወተት ከምግብ ጋር ቢጠጡ ብዙም አይቸገሩም፤ እርጎና የቆየ ጠንካራ አይብ ደግሞ ከወተት ይልቅ ይስማማሉ። ወተትን ሙሉ በሙሉ የሚተው ሰው ካልሲየም ከሌላ ምግብ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት።

በስንዴ፣ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያሉት ፍሩክታኖች፣ በማር፣ በፖምና በማንጎ ውስጥ የሚበዛው ፍሩክቶስ፣ እንዲሁም ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች ውስጥ የሚገቡት ሶርቢቶል፣ ማኒቶልና ዛይሊቶል እንዲሁ ይብላላሉ። ማስቲካ የሚያኝክ ሰው አየሩንም ሶርቢቶሉንም አብሮ ስለሚውጥ በሁለት በኩል ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት የማይስማማው ሰው ፍሬውን በዘይት አቁላልቶ፣ ፍሬውን አውጥቶ በዘይቱ ብቻ ቢያበስል ጣዕሙን ያገኛል፤ ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና። ከእህል ሁሉ ጋዝ በመፍጠር ትንሹ ሩዝ ነው።

አብዛኞቹን እነዚህን የስኳር ዓይነቶች በአንድ ላይ የሚገድበውና ዝቅተኛ ፎድማፕ የተባለውን አመጋገብ ያዘጋጁት በአውስትራሊያ ሜልበርን በሚገኘው በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። አመጋገቡ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት መገደብ፣ ከዚያ የምግብ ዓይነቶቹን አንድ በአንድ በጥቂት ቀናት ልዩነት መመለስ፣ በመጨረሻም ያስቸገሩትን ብቻ መቀነስ ናቸው። ብዙዎች በመጀመሪያው ደረጃ እፎይታ ስላገኙ እዚያው ይቀራሉ፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ገደቡ ሲራዘም ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ምግብ ያሳጣል፣ አመጋገብንም ያጎድላል። ልጆች፣ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነና ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር ያለባቸው ሰዎች ያለ ሥነ ምግብ ባለሙያ ይህን ሊሞክሩ አይገባም።

ሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ድርቀቱን ማከም ይኖርበታል፤ ሰገራ በቆየ ቁጥር ጋዙ መውጫ ያጣል። ለዚህ ፋይበር ሲጨምር ቀስ እያለ፣ በቂ ውኃም እየጠጣ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ የሚጨመር ፋይበር ራሱ ጋዝ ያመጣል።

ሕመሙ በተነሳ ጊዜ

ሆድ ተነፍቶ ሲያስጨንቅ ተጋድሞ ከመቆየት ቀስ ብሎ መራመድ ይሻላል፤ ጋዝ በአንጀት ውስጥ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ሳለ ከጀርባ ተኝቶ ካለበት ጊዜ ይልቅ ፈጥኖ ነው። መራመድ ያልቻለ ሰው ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ስቦ ጥቂት ቢቆይ፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆዱ ላይ ቢያደርግ፣ ወይም የትልቁን አንጀት አቅጣጫ ተከትሎ ከቀኝ በታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ አሻግሮ፣ በግራ በኩል ወደ ታች በእርጋታ ቢያሽ ሊቀለው ይችላል። ጋዙ ሲመጣ አምቆ መያዝ ሕመሙን ያራዝማል፤ ለአፍታ ከሰው ገለል ማለት ይሻላል።

ከፋርማሲ የሚገዛው ሲሜቲኮን ትንንሽ የጋዝ አረፋዎችን አዋህዶ እንዲወጡ ይረዳል እንጂ ጋዙ እንዳይፈጠር አያደርግም፤ ወደ ደም ስለማይገባ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አክቲቬትድ ቻርኮል የተባለው የከሰል ክኒን ውጤቱ አወዛጋቢ ከመሆኑም በላይ ሌሎች መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ ይዞ ሥራቸውን ሊያስቀር ስለሚችል መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲጠቀምበት አልመክርም። የፔፐርሚንት ዘይት እንክብል የአንጀትን ጡንቻ በማላላት ቁርጠትን ይቀንሳል፤ ቃር ያለበትን ሰው ግን ሊያባብስበት ይችላል። ፕሮባዮቲክ የተባሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የያዙ ምርቶች መሞከር የሚፈልግ ሰው አንዱን ዓይነት ብቻ መርጦ ለአራት ሳምንት ይውሰድና ለውጥ ከሌለ ይተወው። ሜትፎርሚን፣ አካርቦስና ላክቱሎስ ራሳቸው ጋዝ ከሚያመጡ መድኃኒቶች መካከል ስለሆኑ የሚወስዷቸው ሰዎች ችግሩን ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ በራሳቸው ውሳኔ ግን ማቋረጥ የለባቸውም።

ምግብ ተስተካክሎም ካልተሻለ

የሆድ መነፋት ሁልጊዜ ከጋዝ ብዛት አይመጣም። የአንጀት ነርቮቻቸው ከልክ በላይ የሚሰማቸው ሰዎች በተለመደው የጋዝ መጠን ይታመማሉ፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ከበሉ በኋላ ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የተባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ የሆድ ጡንቻ ስለሚላላ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል። እነዚህ ሰዎች ምግብ በመቀነስ ብዙም አይጠቀሙም፤ በሆድ መተንፈስን መለማመድና ለዚህ የተዘጋጀ ሕክምና ግን ይረዷቸዋል።

ሐኪም ከሚያዝዛቸው ምርመራዎች አንዱ የትንፋሽ ምርመራ ነው። ሕመምተኛው ላክቶስ የተሟሟበት ውኃ ከጠጣ በኋላ በየተወሰነ ደቂቃ ትንፋሹ ይለካል፤ በአንጀት ውስጥ የተፈጠረው ሃይድሮጅን በደም አልፎ በሳንባ ስለሚወጣ ስኳሩ ሳይፈጭ መቅረቱን ያሳያል። የሰገራ ምርመራ እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን ያገኛል። ሰውነት በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የማይቀበልበት ሲሊያክ የተባለው በሽታ የሚፈለገው ደግሞ በደም ምርመራ ሲሆን፣ ምርመራው የሚያስተማምነው ሰውየው ስንዴና ገብስ እየበላ ሳለ ነው። ስንዴ ከተተወ በኋላ በደም ውስጥ የሚፈለጉት ፀረ እንግዳ አካላት እየቀነሱ ስለሚሄዱ በሽታው ያለበት ሰው የሌለበት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ስንዴን በራስ ውሳኔ ከገበታ ማስወጣት አይገባም።