ከክላውድ ወደ ክላውድ ስታዛውሩ የኔን ስህተት አትድገሙ

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ያለ አንድ አከፋፋይ የሽያጭ ሲስተሙን ወደ ሌላ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሌላ ኩባንያ ሰርቨር) እንዳዛውርለት ጠየቀኝ። ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ በአንድ ሌሊት እጨርሰዋለሁ አልኩ። አራት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ጥፋቱም የራሴው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም በላፕቶፔ በኩል ማሳለፌ ነው። ኮንቴነር ኢሜጁን (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበትን ጥቅል) አወርዳለሁ፣ መልሼ እጭናለሁ፣ መሃል ላይ መብራት ይጠፋል፣ የተጀመረው ሌየር (ኢሜጁ ከተሠራባቸው ንብርብሮች አንዱ) እንደገና ከሀ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ውስጥ ካንዱ መጋዘን ወደ ጎረቤቱ ዕቃ ለማሻገር ጭነቱን ሐረጎን አስወጥቶ ደሴ አድርሶ መመለስ ማለት እኮ ነው። መድረሻው ክላውድ ላይ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን (እንደ ራሱ ኮምፒውተር የሚሠራ የኪራይ ሰርቨር) ተከራዩና ሥራውን እዚያው ቲመክስ (ግንኙነታችሁ ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ አስጀምሩት፤ የናንተ ቤት መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ስኮፒዮ የሚባለው መሣሪያ ኢሜጁን ከሬጂስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ) ወደ ሬጂስትሪ ይገለብጣል፣ ዶከር (ኮንቴነር የሚያሠራው ፕሮግራም) መጫንም አያስፈልገውም። ግን ካልነገራችሁት ለምትሠሩበት ማሽን የሚሆነውን ብቻ ነው የሚወስደው። ኢሜጁ ለኢንቴልም ለአርምም ፕሮሰሰር የተሠራ ከሆነ «ኦል» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት።

ከዚህ የከፋው የአርክሎን (በክላውዶች መካከል ፋይል የሚገለብጥ መሣሪያ) «ሲንክ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሲንክ መነሻው ላይ የሌለውን ፋይል ከመድረሻው ያጠፋል። ሠራተኞቹ ቀን አዲሱ ባኬት (የክላውድ ፋይል ማከማቻ) ላይ የጫኗቸውን ደረሰኞች እኔ ማታ ጠራርጌ አጠፋኋቸው። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ባይኖር ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። «ኮፒ» በቂ ነው። ሲንክ የግድ ከሆነ መጀመሪያ «ድራይ ረን» (ምንም ሳይነካ የሚያሳይ ሙከራ) አድርጉና ምን ሊያጠፋ እንደሆነ እዩ። ሲያልቅ መነሻውንና መድረሻውን በ«ቼክ» አመሳክሩ። በነገራችን ላይ፣ ትልልቅ ፋይል በክፍልፋይ ከተጫነ የኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማከማቻ) ኢታግ የሚባለው መለያ የፋይሉ ኤምዲ5 (ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ) አይደለም፤ ባይገጥም አትደንግጡ።

ኢሜጁ ላይ «ሌተስት» የሚለውን ታግም አትመኑ። ታግ ስም ብቻ ነው፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊጠቁም ይችላል። መነሻውም መድረሻውም ጋ የኢሜጁን ዳይጀስት (ከይዘቱ የሚሰላውን መለያ) አወዳድሩ፣ ሻ256 ብሎ የሚጀምረውን ረጅሙን ማለቴ ነው።

የክላውዱ መግቢያ ቁልፍ ላይ ደግሞ ሁላችንም እንሰንፋለን። የአስተዳዳሪውን ቁልፍ ሰጡኝ፣ እኔም ተጠቀምኩበት። መነሻው ላይ ማንበብ ብቻ የሚችል፣ መድረሻው ላይ መጻፍ እንጂ መሰረዝ የማይችል፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚሞት ቁልፍ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ደረሰኞች አይጠፉም ነበር። በዶከር ወደ ሬጂስትሪ ስትገቡ የይለፍ ቃሉን የሚይዝ ሌላ መሣሪያ ካላዘጋጃችሁ በቤዝ64 (ዳታን በሌሎች ፊደላት የመጻፊያ ዘዴ) ፋይል ላይ ይቀመጣል፤ ያ ምስጠራ አይደለም፣ ማንም ይፈታዋል። የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ኢሜጁ ውስጥ ገብቶ ከሆነም፣ ዶከርፋይሉ (የኢሜጁ አሠራር የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ቀጥላችሁ ብትሰርዙት ሥር ባለው ሌየር ውስጥ እንዳለ ነው፤ አብሮ ይሰደዳል።

ወደ ክላውድ ዳታ ማስገባት አብዛኛው ቦታ ነፃ ነው፣ ማውጣት ግን በጊጋባይት ያስከፍላል። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አስሉት፤ እኔ ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

አሮጌውን ባኬት ለጥቂት ሳምንት አትንኩት። ቁልፎቹን ግን ሥራው ባለቀበት ቀን ሰርዙ።