«ሴንሰሩ እኮ ዝም አለ!»፦ ኮንቨርቲብል ወደ ኋላ ስትነዱ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ምድር ቤት ፓርኪንግ መሥራት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሞላኝ። አዲስ የአገር ልጅ ሲቀጠር ሥራውን የማሳየው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጎበዝ ልጅ ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሁለት ወንበር መኪና፣ ወደ ኋላ ሲያስገባ አጋጫትና ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ጋሼ፣ ሴንሰሩ እኮ ዝም አለ!» አለኝ። ይቺን ቃል ከስንት ሰው አፍ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ዝም ካለ ባዶ ነው ብሎ ማመን።

የኋላው ፓራውልት ላይ ብዙ ጊዜ አራት ክብ ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮች ታያላችሁ፤ ሴንሰሮቹ እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ እንደ ሌሊት ወፍ ይጮሃል፣ ከዚያ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ጩኸቱ 40 ሺህ ኸርዝ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የእኛ ጆሮ 20 ሺህ ላይ ያበቃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ካለ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ከሰከንድ ሺህ እጅ በ9ኙ ውስጥ ነው። መኪናው ያንን ጊዜ ለክቶ ጢጥ ጢጥ ይልላችኋል። እንግዲህ ዝምታው የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሚቶ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አይነግራችሁም። ሰያፍ የቆመ ነገር ድምፁን ወደ ሌላ ጎን ይወረውረዋል። ቀጭን ሰንሰለት የሚመልሰው እፍኝ አይሞላም። ወፍራም የክረምት ካፖርት የለበሰ ሰውም ድምፁን እንደ ፍራሽ ሊውጠው ይችላል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የልጁ ጉዳይ ደግሞ መሰላል ነበር። አንድ ሠራተኛ ፒክአፑን አቁሞ፣ የኋላ መዝጊያውን ዘርግቶ፣ መሰላሉን ወደ ውጭ አሹሎ ሄዷል። የኮንቨርቲብሏ ሴንሰር ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያዳምጣል። መሰላሉ ከዚያ በላይ ነው። የፒክአፑ ፓራውልት ገና ሁለት ሜትር ያህል ይርቃል። ሴንሰሩ ምን ብሎ ይጩህ? መሰላሉ የኋላውን ኮፈን ጫፍ ወጋው። ልጄ፣ ሴንሰሩ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራኸው አንተ ነህ! ዞር ብለህ ብታይ፣ ወይም መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ በፊት ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ብትሄድ፣ ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ የሚዳስሰው መሰላል ነበር። ፒክአፕ፣ የጭነት ቫን፣ ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ ግማሽ የወረደ የብረት በር፣ ከወገብ በላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ለዚያች ዝቅተኛ መኪና የለም ማለት ነው።

ይህ ስህተት በኮንቨርቲብል የሚብሰው በምክንያት ነው። ጣሪያው ሲዘጋ የኋላ መስኮቷ የፖስታ ሣጥን ቀዳዳ ታክላለች። የሸራው ማዕዘን ትከሻችሁ በኩል ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። በአሮጌዎቹ ላይ መስኮቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቢጫ ሆኖ ሻይ በስሎበት ያደረ ይመስላል። ሰው ማየት ሲያቅተው ጆሮውን ያምናል። ጣሪያው ሲከፈት ደግሞ ማየቱ ይሻላል፣ መስማቱ ይከፋል፤ የምድር ቤቱ ማራገቢያ፣ የጎረቤት መኪና፣ ባለቤቱ ከፍቶት የሄደው ሬዲዮ ጢጥታውን ይበሉታል። ሬዲዮ ዝጉ። በቃ።

ሌላው ስህተት፣ ቀጥ ያለው ድምፅ ሲመጣ «ገና ቦታ አለ» ማለት። በብዙ መኪና 30 ሳንቲም ገደማ ሲቀር ነው ድምፁ የማይቋረጠው። እኛ መኪና ደርድረን ስለምናቆም ያቺን 30 ሳንቲም መጨረስ የጀግና ሥራ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። የሴንሰሩ አፍና ጆሮ አንድ ስስ ቆዳ ነው። ጮሆ ንዝረቱ ሳይበርድለት የሚመለስ የቅርብ ማሚቶ አይሰማውም። አጭር የሲሚንቶ ማቆሚያ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ተሰምቶ፣ ስትቀርቡት ከድምፁ በታች ሊሾልክ ይችላል። ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ካለ ፍሬን ያዙና ውረዱ።

በረዶና ጨው ሴንሰሩን ይሸፍኑታል፤ ጥር ላይ መጥረጊያ ጨርቅ ኪሳችሁ ይኑር።

ሁልጊዜ ስለሚጮህ ማጥፋት። ሁልጊዜ የሚጮህ ሴንሰር እውነት እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የተሰቀለ የብስክሌት ማንጠልጠያ አለ፣ ወይም ከመወጣጫው ወደ ሜዳው ስትገቡ ወለሉን ራሱን እየሰማ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ።

አሁን የራሴን ልናገር። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ደንበኛ ደውሎ «ጣሪያዋን ከፍተህ አውጣልኝ» አለ። ጠንካራ ጣሪያዋ ተጣጥፎ ኮፈን ውስጥ የሚገባ ዓይነት ናት። በኩራት ግድግዳው ሥር 20 ሳንቲም አስቀርቼ ያቆምኳት እኔው ነኝ። እዚያው እንደቆመች ቁልፉን ተጫንኩ። ለካ የኋላው ኮፈን መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ጣሪያው ያን ጊዜ ብቻ ተነስቶ ይገባበታል። ግድግዳውን ሲነካ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴንሰሩን ረገምኩት። ሴንሰሩ ግን ተኝቶ ነበር፤ የሚነቃው የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው፣ እኔ ፓርክ ላይ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመኪና ቁልፎች የሚሰቀሉበትን ሰሌዳ እንድጠብቅ ተመደብኩ። ጣሪያ የሚከፈተው ሜዳ ላይ፣ ከኋላም ከላይም ባዶ መሆኑን አይታችሁ ነው። ከላይ የሚያልፈውን የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ቀና ብላችሁ እዩት።

ካሜራ አለ ብሎ መገመትም አለ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው የተገደዱት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ነው፤ ሴንሰር ግን እስካሁን ግዴታ አይደለም። ኮንቨርቲብል ደግሞ ባለቤቱ እንደ ልጅ የሚያሳድጋት፣ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ የምትታይ መኪና ናት። የ2005ቷ (እ.ኤ.አ.) ስትመጣ ስክሪን አትፈልጉባት።

መሥራቱን የተጠራጠራችሁትን ሴንሰር መሞከር ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ከፍታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ስባችሁ፣ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከዚያ ጆሯችሁን ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር አስጠጉ። የሚሠራው ቲክ ቲክ ይላል፤ የሞተው ዝም ይላል። ከቀለም ቤት ገና የወጣች ከሆነች ይህን አትዝለሉ፤ ቀለም ሲደራረብበት ሴንሰር ይደነቁራል። የደነቆረ ካገኛችሁ ቁልፉን ሰሌዳው ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ቲኬቱ ላይ ጻፉት፣ ማታ የሚረከባችሁ ሰው እንዲያየው።