በትንሽ ክብደት ወይም ያለጊዜው የተወለደ ልጅን ኩላሊትና የደም ግፊት እንዴት መከታተል ይቻላል?

አንድ ኩላሊት በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ 200 ሺህ ገደማ ብቻ ይዞ የሚወለድ አለ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ያለውም አለ። ማጣሪያዎቹ የሚፈጠሩት ማህፀን ውስጥ ሲሆን ከግማሽ በላዩ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይፈጠራል፤ በ36ኛው ሳምንት ገደማም ሥራው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ኔፍሮን አይጨመርም፣ የጠፋውም አይተካም። በጣም ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ከተወለደ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማጣሪያ መፍጠሩን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከማህፀን ውጭ ከሚፈጠሩት ውስጥ ቅርጻቸው የተበላሸ ይገኙበታል።

ማጣሪያው ጥቂት ሲሆን ያው ሥራ ለጥቂቶቹ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ያብጣል፣ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ዓመታት ሲያልፉ ይጠባሰላል፣ ፕሮቲን ማፍሰስም ይጀምራል። ጨውን የማስወገድ አቅሙም ስለሚቀንስ የደም ግፊት ይወጣል፤ የወጣው ግፊት ደግሞ ተመልሶ የቀሩትን ይጎዳል። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው የኩላሊት ሐኪም ብሬነርና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. አቀረቡት። በጀርመን ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአደጋ የሞቱ 10 የደም ግፊት የነበረባቸውን ሰዎች ግፊት ካልነበረባቸው 10 ጋር አነጻጸረ፤ የመጀመሪያዎቹ በአንድ ኩላሊት ወደ 702 ሺህ፣ የሁለተኞቹ ወደ 1.43 ሚሊዮን ማጣሪያ ነበራቸው። የሞቱ ማጣሪያዎች ርዝራዥ እምብዛም ስላልታየ፣ ጉድለቱ ከመጀመሪያው የነበረ ይመስላል።

ኔፍሮንን በሕይወት ባለ ሰው መቁጠር የተለመደ ምርመራ አይደለም። ስለዚህ በተዘዋዋሪ መንገድ እንሄዳለን።

1. የልደቱን መረጃ በጽሑፍ ይያዙ

ሁለት ቁጥሮች አብረው ያስፈልጋሉ፦ ክብደት በግራም፣ እርግዝናው በስንተኛ ሳምንት እንዳበቃ። አንዱ ብቻውን ያሳስታል። 2,300 ግራም የሚመዝን ሕፃን በ35ኛው ሳምንት ከተወለደ ለዕድሜው ተመጣጣኝ ነው፤ በ40ኛው ሳምንት ከሆነ ግን ማህፀን ውስጥ እድገቱ ተገድቧል ማለት ነው። ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ፣ ከ37ኛው ሳምንት (በተለይ ከ32ኛው) በፊት የተወለደ፣ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ይዞ የተወለደ ልጅ የረጅም ጊዜ ክትትል ይገባዋል። እናትየዋ በእርግዝናው ወቅት ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚነሳ አደገኛ የደም ግፊት) ወይም ስኳር ነበረባት እንደሆነ ይጻፍ። ሕፃኑ በጽኑ ሕክምና ክፍል ቆይቶ ከሆነ እንደ ጀንታማይሲን (አንቲባዮቲክ ነው) ያሉ ኩላሊትን የሚነኩ መድኃኒቶች መውሰዱንም ይጨምሩ። ወረቀቱን ልጁ አድጎ ራሱ እስኪረከበው ያኑሩት፤ የ30 ዓመት ጎልማሳ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ስንት ኪሎ ሆኖ እንደተወለደ የሚጠይቀው ብዙም የለም።

2. እርግዝናው ገና ከሆነ

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ የፅንሱን የሽንት ምርት ቀንሰው የእንሽርት ውኃውን ሊያጎድሉ ይችላሉ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ የግፊት መድኃኒቶች የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። እየወሰዱ ያረገዙ በራሳቸው ከማቆም ይልቅ በዚያው ቀን ሐኪም አግኝተው ያስቀይሩ። ግፊትንና ስኳርን መከታተል፣ ሲጋራና አልኮልን መተው የታወቀ ነው፤ አልደግመውም።

3. ክብደቱ ይመለስ፣ ግን አይሩጥ

ትንሽ የተወለደ ልጅ ሲወፍር ቤተሰብ ደስ ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማደጉ በርግጥ ለአንጎልም ያስፈልገዋል፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ መጥባቱ ይመረጣል። ያለጊዜው የተወለደው ተጨማሪ ሊያስፈልገው ስለሚችል ያንን ሐኪሙ ይወስናል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ ከ2 ዓመት በላይ ክብደቱ ቁመቱን ጥሎ ሲሄድ። ሰውነቱ ሲሰፋ ማጣሪያዎቹ ቁጥራቸው ያው ስለሆነ ጫናው ይበረታል። ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም በየጊዜው በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ያስመዝግቡ። ጨውም ይቀነስ፤ ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ለልጅ ከዚያም ያንሳል።

4. ግፊቱን በትክክል ይለኩ

ማንኛውም ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለካ የሚመክሩ መመሪያዎች አሉ። ከላይ የተዘረዘሩት ልጆች ግን ከ3 ዓመት በፊትም በየቀጠሮው መለካት አለባቸው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ከሚጠመጠመው ካፍ ነው። የላይኛው ክንድ መሃል ዙሪያውን በሜትር ይለኩ። የካፉ የሚነፋ ክፍል ወርዱ ቢያንስ የዚህ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ ከ80 እስከ 100 በመቶ መሆን አለበት። የክንዱ ዙሪያ 18 ሴንቲሜትር ከሆነ ወርዱ ቢያንስ 7.2፣ ርዝመቱ ከ14.4 እስከ 18 ሴንቲሜትር ይሆናል። የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከልክ በላይ የሰፋው ደግሞ ዝቅ አድርጎ።

ልጁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ ሳይጣመር መሬት ይንካ (ካልደረሰ በርጩማ ይግባለት)። ክንዱ ራቁቱን በልቡ ትይዩ ይረፍ፣ ማንም አያውራው። ቀኝ ክንድ ይሁን፤ ሰንጠረዦቹ የተዘጋጁት በእሱ ነው፣ ዋናው የደም ቧንቧ የጠበበበት ልጅ ሲሆንም ግራው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ካለቀሰ ያ ልኬት አይቆጠርም።

ለ5 ዓመት ወንድ ልጅ 103/63፣ ለ10 ዓመት 108/72፣ ከ13 ዓመት በላይ ለሁሉም 120/80 ከደረሰ ወይም ካለፈ በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው ቀን ተደግሞ ይለካ፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነም በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ሰንጠረዥ ይታይ ማለት ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ ያሳየው ከፍታ በማዳመጫ በእጅ ይረጋገጣል። ከፍ ብሎ የሚቆይ ግፊት የሚባለው በሦስት የተለያዩ ቀናት ሲደገም ነው።

5. ሽንትና ደም

ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሽንቱን ይጨርስ፤ ናሙናው ጠዋት እንደተነሳ የመጀመሪያው ይሁን። ምክንያቱም ቀኑን ቆሞ ሲሮጥ የዋለ ጤነኛ ልጅም ትንሽ ፕሮቲን ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት ካለው ይዘግይ። የሚጠየቀው በሽንቱ ውስጥ ያለው የአልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት) እና የክሪያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው የጡንቻ ተረፈ ምርት) ምጣኔ ነው፤ አልቡሚኑ በአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራ መመርመሪያ ወረቀት ትንሿን መጠን ያመልጠዋል።

በደም ውስጥ በሚለካው ክሪያቲኒን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የላቦራቶሪ ወረቀቶች የሚያትሙት የአዋቂ ወሰን ስለሆነ 0.8 ሲመጣ “ደህና ነው” ተብሎ ይታለፋል። በ110 ሴንቲሜትር ልጅ ግን የኩላሊቱ የማጣራት አቅም እንዲህ ይሰላል፦ 0.413 × ቁመት በሴንቲሜትር ÷ ክሪያቲኒን በሚሊግራም በዴሲሊትር። 0.413 × 110 = 45.4፤ በ0.8 ሲካፈል 57 ገደማ። ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከ90 በላይ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ይህ ልጅ የኩላሊት ሐኪም ማየት አለበት። ያው ልጅ 0.4 ቢኖረው 114 ይሆን ነበር።

6. ያሉትን ማጣሪያዎች ከድንገተኛ ጉዳት ይጠብቁ

ተቅማጥና ትውከት ይዞት ውኃ ያጠረው ልጅ ላይ ኢቡፕሮፌን መጨመር ለኩላሊቱ መጥፎ ጥምረት ነው። ለትኩሳቱ በክብደቱ ልክ የተሰላ ፓራሲታሞል፣ ለጠፋው ፈሳሽ ደግሞ ኦ.አር.ኤስ. ይስጡት። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ወይም ለሲቲ ስካን ቀለም ሊወጋ ሲል በተራ ቁጥር 1 የጻፉትን ወረቀት ያሳዩ። ጠዋት የዓይን ቆብ ማበጥ፣ በተደጋጋሚ አረፋ የሚሠራ ወይም የኮካ ቀለም ያለው ሽንት፣ ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ካዩ የዓመቱን ቀጠሮ አይጠብቁ።