ኤሲው አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

ድሬዳዋም ይሁን ሰመራ ወይም ጋምቤላ፣ ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ቶሎ የሚሰማው «ጋዝ አልቆበታል» ነው። ጋዙ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፣ ካላፈሰሰም አይቀንስም። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ኤሲ የሚያፈስ ኤሲ ነው። ስለዚህ ጋዝን መጨረሻ ላይ ይጠርጥሩ።

ነፋሱ ደካማ ነው፣ የውስጡ ክፍል በረዶ ይሠራል

መጀመሪያ ፊልተሩን ይዩ። አቧራ ሲደፍነው በቂ አየር አያልፍም፤ የውስጡ ቱቦ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርድና እርጥበቱ በረዶ ይሆናል። የከፋው የማይታየው ነው፦ ሙቀት ያላገኘው ጋዝ ፈሳሽ እንደሆነ ወደ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ ወደሚያዞረው ሞተር) ተመልሶ ዘይቱን ያጥባል። ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ያስኪዱ፤ በረዶውን በቢላ አይነካኩ። ፊልተሩን ለብ ባለ ውሃ (ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ) አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁ፤ ፀሐይ ያጣምመዋል። በአቧራማ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

ከታጠበ በኋላ 15 ደቂቃ አሠርተው አየር በሚያስገባበትና በሚያወጣበት በኩል ሙቀቱን ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ኤሲው ጤነኛ ነው።

ማታ ደህና ነው፣ እኩለ ቀን ላይ እየበራ ይጠፋል

የውጪው ክፍል ሙቀቱን መጣል አቅቶታል። ወይ ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነዋል፣ ወይ በተዘጋ በረንዳ ተገጥሞ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ኮምፕሬሰሩ ሲግል መከላከያው ያጠፋዋል፤ ይህ ሲደጋገም ዕድሜው ያጥራል። ብሬከሩን አጥፍተው በቀጭን የውሃ ጎማ፣ ከተቻለ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውሃ እንዳይነካው። ከኋላው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊቱ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ ልብስ ማስጫ መሆኑም ይቅር።

የውጪው ክፍል ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም

እዚህ ላይ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፦ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) እና ቮልቴጅ። ካፓሲተሩ ላይ 35 ማይክሮፋራድ ተጽፎ ልኬቱ ከ31.5 በታች ከሆነ ይቀየር፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ የቮልት መጠኑም ከነበረው ያላነሰ መሆን አለበት። ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ይህን ሥራ ለባለሙያ ይተዉ።

ቮልቴጁ የሚለካው ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሳለ ነው። ከ220 ወርዶ ከ198 በታች ከቆየ ያጥፉት፤ ቮልቴጅ ሲያንስ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ጥቅልሉ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቃጠላል። ኢንቨርተር ላልሆነ (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት ለማይቀያይር)፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ ለሆነ ኤሲ፣ አቅሙ ከ4 እስከ 5 ኬቪኤ የሆነ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ አስተካካይ) ይበቃል፤ ዘግይቶ የሚያበራ ዓይነት ይሁን። ለቴሌቪዥን የተገዛው ትንሹ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ኤሲውን ያጥፉ፤ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። በቧንቧው ሁለት ወገን ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ከተነሳ ኮምፕሬሰሩ ይጨናነቃል።

ውሃ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል

የፍሳሽ ቱቦው በዝቃጭ ተደፍኗል ወይም መሃል ላይ ሽቅብ ወጥቷል። ዝቃጩን ከውጪው ጫፍ ስበው ያውጡት፣ ቱቦው እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረዱንም ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልቀዘቀዘ

አሁን ጋዝን ይጠርጥሩ። የውጪው ክፍል ቀጭኑ ቧንቧ በረዶ ከያዘ ወይም መገጣጠሚያው ዘይት ዘይት ካለ፣ የሳሙና አረፋ ቀብተው ያፈሰሰበትን ይፈልጉ። ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ የተጣለ ገንዘብ ነው። ከተደፈነ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩ ይውጣ፤ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ሠርቶ ኮምፕሬሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ በኤሲው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ፣ በሚዛን ይሞላ። አር 410ኤ የተባለው የጋዝ ዓይነት ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ መውጣት አለበት፤ አር 32 ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ አጠገቡ ሲጋራም እሳትም አይኑር። ሚዛን ሳይዝ የመጣ ባለሙያ ሲሊንደሩን ሳይከፍት ይመለስ።