በክፍት የቼስ ውድድር የሽልማት ገንዘብና የሬቲንግ እርከን አወሳሰን፦ ለአዲስ አበባ አዘጋጆች

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ ወይም በስታዲየም ዙሪያ አዳራሽ ተከራይቶ ለሁሉም ክፍት የሆነ የቼስ ውድድር ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሰሌዳ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ወንበር ነው። እነዚህ በኪራይም በውሰትም ይገኛሉ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቅሬታ የሚያስነሣው ሽልማቱ ለማን፣ በየትኛው የሬቲንግ (የተጫዋቹን አቅም የሚያሳይ ቁጥር) እርከንና በምን መለኪያ እንደተሰጠ ስለሆነ፣ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ቁርጥ ሊደረግለት የሚገባውም ይኸው ጉዳይ ነው።

ስሌቱ ከመመዝገቢያ ክፍያ ይጀምራል። ለምሳሌ 80 ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፍሉ 40,000 ብር ይሰበሰባል፤ ከዚህ ላይ ለአዳራሽ፣ ለዳኞች አበል፣ ለዋንጫና ለልዩ ልዩ ወጪ 14,000 ብር ቢነሣ ለሽልማት የሚቀረው 26,000 ብር ይሆናል። ስፖንሰር አለኝ የሚል አዘጋጅ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ድረስ እንደሌለ ቢቆጥረው ይሻለዋል። በማስታወቂያው ላይም ሽልማቱ በ80 ተመዝጋቢ ስሌት የተቀመጠ መሆኑ፣ ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ እንዲሁም ለአንደኛ የሚሰጠው ገንዘብ ከስንት ብር በታች እንደማይወርድ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እያንዳንዱን የሬቲንግ እርከን ለብቻው ማጫወት ይሻላል ወይስ ሁሉንም በአንድ የስዊስ ሥርዓት አጫውቶ ለየእርከኑ ልዩ ሽልማት መስጠት የሚል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በስዊስ ሥርዓት በየዙሩ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ስለሚገናኙ፣ አቅሙን ደብቆ ከታች የገባ ተጫዋች ሁለት ሦስት ጨዋታ እንዳሸነፈ ከጠንካሮቹ ጋር ይደለደላል፤ ለብቻው በተከለለ እርከን ውስጥ ግን እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከእሱ ከሚያንሱት ጋር ብቻ ስለሚጫወት የሚያቆመው አይኖርም። እርግጥ ነው፣ በአንድ ላይ ሲጫወቱ የእርከን ሽልማት አንዳንድ ጊዜ በመጨረሻው ዙር ድልድል ዕድል ሊወሰን ይችላል። ይህ ጉድለት ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ሊታለፍ የሚችል ነው። ለ80 ሰው ሰባት ዙር ይበቃል፤ በ15 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ በራፒድ፣ ማለትም በፈጣን ጨዋታ፣ ከተጫወቱ ቅዳሜ አራት ዙር፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሦስት ዙር ተጫውቶ ሳይመሽ መጨረስ ይቻላል።

እርከኖቹ ከሁለት ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ከ1800 በታችና ከ1600 በታች። ከድሮ ውድድሮች የተቀዳ ማስታወቂያ ላይ አሁንም «ከ1200 በታች» እና «ከ1400 በታች» የሚሉ እርከኖች ይታያሉ። የዓለም አቀፉ ቼስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ ከየካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን ሬቲንግ ከ1000 ወደ 1400 ስላሳደገው፣ በእነዚህ እርከኖች ሊገባ የሚችል ባለ ሬቲንግ ተጫዋች የለም። ለእነሱ ይመደብ የነበረውን ገንዘብ ለሴቶችና ለታዳጊዎች ሽልማት ማዋል ይሻላል፤ እነዚህ ሽልማቶች ከሬቲንግ ጣሪያ ጋር ስላልተያያዙ እነሱን ለማግኘት ሲል ሬቲንጉን የሚያወርድ አይኖርም።

ከላይ የተጠቀሰውን 26,000 ብር እንዲህ መደልደል ይቻላል፦ ከጠቅላላው ተወዳዳሪ ለአንደኛ 8,000፣ ለሁለተኛ 5,000፣ ለሦስተኛ 3,500፤ ከ1800 በታች ለአንደኛ 3,000፣ ለሁለተኛ 1,500፤ ከ1600 በታች ለአንደኛ 2,000፣ ለሁለተኛ 1,000፤ ለምርጥ ሴት ተጫዋችና ለምርጥ ታዳጊ ለእያንዳንዳቸው 1,000። እዚህ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር የእርከን አንደኛ የሚያገኘው ገንዘብ ከዋናው ሦስተኛ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ተጫዋቹ የሚቀበለውም አንድ የገንዘብ ሽልማት ብቻ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው፤ ከ1800 በታች የሆነ ሰው በአጠቃላይ ውጤት ሦስተኛ ቢወጣ 3,500 ብሩን ይወስድና የእርከኑ 3,000 ብር ለተከታዩ ይተላለፋል።

የእርከን ሽልማት ሲያብጥ የሚመጣው መዘዝ ሬቲንግን ሆን ብሎ መጣል ነው። ይህ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ሬቲንጉ 1850 የሆነና የሬቲንግ ለውጥ ማባዣው፣ ኬ የሚባለው፣ 20 የሆነ ተጫዋች በሬቲንግ እኩያው በሆነ ሰው ሲሸነፍ 10 ነጥብ ያጣል፤ ስለዚህ ስድስት ጨዋታ ቢለቅ 1790 ይደርሳል። 200 ነጥብ ለሚያንሰው ሰው ከለቀቀ በአንድ ጨዋታ 15 ነጥብ ገደማ ስለሚወርድ አራት ሽንፈት ይበቃዋል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በክላሲካል፣ ማለትም ረጅም ሰዓት በሚሰጥበት ጨዋታ፣ ኬው 40 በመሆኑ በሦስት ሽንፈት ብቻ እኩያዎቻቸው ፊት 60 ነጥብ ይጥላሉ። እንግዲህ የአንድ ውድድር መመዝገቢያ ከፍሎ ጥቂት ጨዋታ መልቀቅ እርከን ለመቀየር የሚያበቃ ከሆነ፣ የእርከን ሽልማቱ ከመመዝገቢያው ሠላሳና አርባ እጥፍ ሲሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሚጋብዝ መገመት አያዳግትም። በምሳሌያችን 3,000 ብር የመመዝገቢያው ስድስት እጥፍ ብቻ ነው፤ ፈተናውን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ነገር ግን አያዋጣም ያሰኛል።

ሁለተኛው መከላከያ የዛሬውን ሬቲንግ ብቻ አለማየት ነው። ፊዴ ዝርዝሩን በየወሩ ያወጣል፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች የኋላ ታሪክም በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው። መዝጋቢው የተጫዋቹን የፊዴ ቁጥር ተቀብሎ ባለፉት 24 ወራት በክላሲካል፣ በራፒድና ከራፒድም በሚያጥረው በብሊትዝ ካስመዘገበው ሁሉ ከፍተኛውን ይይዛል፤ ራፒዱ 1740 የሆነ ሰው ክላሲካሉ 1890 ሊሆን ይችላልና በአንዱ ዝርዝር ብቻ መመርኮዝ በር ከፍቶ መተው ነው። ከዚያ ርቀው ወደ ኋላ የሚሄዱ አዘጋጆች ከየካቲት 2016ቱ ለውጥ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች እንዳሉ መውሰድ የለባቸውም፤ ያኔ ከ2000 በታች ለነበረ ሰው ሁሉ እስከ 2000 ከጎደለው ላይ 40 በመቶው ተጨምሮለታል። ስለዚህ የያኔው 1500 ዛሬ 1700፣ የያኔው 1700 ደግሞ ዛሬ 1820 ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ለዚሁ ችግር ወለል አበጅቷል፦ ተጫዋቹ ደርሶበት ከነበረው ከፍተኛ ሬቲንግ ላይ 200 ተቀንሶ ወደ ታችኛው መቶ ይጠጋጋል፤ 1941 የደረሰ ሰው ከ1700 በታች አይወርድም። የእኛ አዘጋጅ የሬቲንግ ወለል የማበጀት ሥልጣን ባይኖረውም ሽልማቱን የሚሰጥበትን ሁኔታ የመወሰን መብት አለው።

በአዲስ አበባ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ሬቲንግ የሌለው ጠንካራ ተጫዋች ነው። በካፌና በግቢ ለዓመታት ተጫውቶ የበሰለ፣ ነገር ግን በፊዴ የተመዘገበ ውድድር ላይ ያልታየ ሰው ምንም ሳይዋሽ ከ1600 በታች ያሉትን ሁሉ ጠራርጎ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያ ሬቲንግ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ጨዋታ ሬቲንግ ካላቸው ጋር መጫወት ያስፈልጋል፤ ስሌቱም 1800 ካላቸው ሁለት የታሰቡ ተጋጣሚዎች ጋር አቻ እንደወጣ አድርጎ ስለሚቆጥር የጠንካራውን አዲስ ሰው ቁጥር ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ ሬቲንግ የሌለው ተጫዋች ለዋናው ሽልማት ብቻ ይወዳደር፤ በክላሲካል 30 ጨዋታ ያልሞላው አዋቂም እንዲሁ ይሁን። የኦንላይን ሬቲንግ እንደ ማስረጃ መቀበል አያስፈልግም፤ በአንድ ስልክ ሁለት አካውንት ከመክፈት ማንም አይከለከልም። መዝጋቢው ስም ሲፈልግም በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ብሎ እንዳይደመድም፤ ጸጋዬ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በቲ ብቻ ወይም በቲና በኤስ ሊጀምር ይችላል፣ የአባት ስምም ቀድሞ ሊጻፍ ይችላል።

በማስታወቂያው ላይ የሚወጣው አንቀጽ እንደሚከተለው ቢሆን ይበቃል፦ «የእርከን ሽልማት መመዘኛ ውድድሩ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 24 ወራት በፊዴ ክላሲካል፣ ራፒድና ብሊትዝ ዝርዝሮች የታየው ከፍተኛ ሬቲንግ ነው። ሬቲንግ የሌላቸው ተጫዋቾች እና በክላሲካል 30 ጨዋታ ያልሞላቸው አዋቂዎች ለዋናው ሽልማት ብቻ ይወዳደራሉ። አዘጋጁ የማንኛውንም ተጫዋች እርከን ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ሊያስተካክል ይችላል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጥቅም አላት፤ ማንንም አጭበርባሪ ብሎ መክሰስ ሳያስፈልግ ሰውየው ከእርከን ሽልማት እንዲወጣ ታስችላለች።

ነጥብ እኩል ሲሆን ገንዘቡን በማለያያ (እኩል ነጥብ ያላቸውን በደረጃ በሚለየው ስሌት) ብቻ መስጠት ያስከፋል፤ ሙሉ በሙሉ እኩል ማካፈልም አንደኛነትን ዋጋ ያሳጣል። የሆርት ሥርዓት መካከለኛው መንገድ ነው፦ ግማሹ በደረጃ፣ ግማሹ በእኩል ይከፈላል። በምሳሌያችን ሁለት ሰዎች በእኩል ነጥብ አንደኛና ሁለተኛ ቢሆኑ በማለያያ የበለጠው 7,250፣ ሌላው 5,750 ብር ይቀበላል። በመጨረሻው ዙር አቻ መውጣት ሁለቱንም ባዶ እጅ የሚያስቀርበት ጨዋታ ካለ ዋና ዳኛው ከዚያ ሰሌዳ ባይርቅ መልካም ነው፤ አንዱ ለቆ ገንዘቡን በኋላ የሚካፈሉት እንዲህ ባለ ጨዋታ ነውና።

ቅሬታ በጽሑፍ፣ ከሁለተኛው ዙር በፊት፣ በማይጫወቱ ሦስት ሰዎች ይታይ። ሊመረመር የሚገባው አንድ ሽንፈት ሳይሆን ተደጋጋሚ ሁኔታ ነው፤ ከእሱ በብዙ ለሚያንሱ ሰዎች በተከታታይ መሸነፍ፣ ያልተበላሸ ጨዋታ በጥቂት እርምጃ መልቀቅ፣ ሽልማት በሌለበት ውድድር መውረድና ሽልማት ባለበት መነሣት። የተመዝጋቢዎች ዝርዝር በአዳራሹ በርና በቴሌግራም ሲለጠፍ ከስማቸው ጎን የ24 ወሩ ከፍተኛ ሬቲንግና እርከናቸው ይጻፍ፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ስሕተቱን ከኮሚቴው ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ገንዘቡም በመዝጊያው ዕለት በቴሌብር ወይም በባንክ ተልኮ ተቀባዩ በዝርዝሩ ላይ እንዲፈርም ይደረግ።