ከመስቀል አደባባይ ወደ ቱሉ ጉዶ፦ ስምንት ሰው ይዞ የሐይቅ ዳር መንደሮችን ለመጎብኘት

ከአዲስ አበባ መሀል ተነስቶ በቅዳሜና እሑድ ደርሶ ለመመለስ ከሚመቹ የመንደር ጉዞዎች አንዱ የዝዋይ (የባቱ) ሐይቅ ደሴቶችና የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከባልደረቦች፣ ከጓደኞች ወይም ከውጭ እንግዶች ጋር ትንሽ ቡድን ይዞ መሄድ ለሚያስብና የሚወጣው ብር መንደሩ ውስጥ እንዲቀር ለሚፈልግ አደራጅ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ በአብዛኛው የሚበላሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ሒሳብ ላይ ነው። ባለመኪናው ቀድሞ ይከፈለዋል፤ ሆቴሉም ጀልባውም እንዲሁ። ቤታቸውን የከፈቱት፣ ቡና ያፈሉት፣ ምሳ የሠሩት የደሴቱ ሰዎች ግን የሚደርሳቸው መጨረሻ ላይ የተረፈው ነው። ሰው ሲቀር ወይም ነዳጅ ሲወደድ የሚቀነሰው ከእነሱ ድርሻ ይሆናል። ስለዚህ የመንደሩ ብር ከሁሉም በፊት ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ለምን ስምንት ሰው

አንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ ስምንት ተጓዥ፣ አንድ አደራጅና አንድ አስጎብኚ ከነሻንጣቸው ሳያጨናንቅ ይይዛል። አንድ የሞተር ጀልባም ይበቃል። ደሴቱ ላይ አንድ ቤት ገብቶ ቡና ለመጠጣትም ከዚያ በላይ ሰው አይመችም፤ አሥራ አምስት ሰው ሲገባ ግማሹ ደጅ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ይጀምራል፣ ባለቤቶቹም ከአስተናጋጅነት ወደ መታያነት ይወርዳሉ። ከአሥር ካለፋችሁ ሁለተኛ ጀልባ ያስፈልጋል፤ የነዳጁ ወጪ እጥፍ ይሆናል፣ አንዱ ጀልባም ሁሌ ሌላውን ይጠብቃል። ሃያ ሰው ከተመዘገበ በሁለት የተለያየ ሳምንት ውሰዱ።

ሒሳቡን መሥራት

ወጪውን በሁለት ክፈሉት። ሰው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጠው ቋሚ ወጪ ነው፦ የመኪና ኮንትራት፣ ነዳጅ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ የሹፌር አልጋና ምግብ፣ ጀልባና የጀልባ ነዳጅ፣ አስጎብኚ፣ የፓርክ ስካውት (ቡድኑን የሚያጅብ የፓርክ ጠባቂ)። በነፍስ ወከፍ የሚቆጠረው ደግሞ አልጋ፣ ምግብ፣ የፓርክና የደሴት መግቢያ ነው።

ቋሚ ወጪውን ስምንት ሰው ብትይዙም ለስድስት አካፍሉት። ለምሳሌ ቋሚው 48,000 ብር ቢሆን፣ ለስምንት ሲካፈል 6,000፣ ለስድስት ሲካፈል 8,000 ይደርሳል። 6,000 አስከፍላችሁ ዓርብ ማታ ሁለት ሰው «አልተመቸኝም» ብሎ ቢቀር 12,000 ብር ይጎድላል፤ ያ ጉድለት የሚያርፈው ገና ባልተከፈለው፣ ማለትም በመንደሩ ላይ ነው። 8,000 አስከፍላችሁ ስምንቱም ከመጡ የተረፈውን ምን እንደምታደርጉበት አስቀድማችሁ ለተጓዦቹ ንገሩ፦ ለመጠባበቂያ፣ ወይም እኩል ተካፍሎ ለመመለስ። ጭቅጭቅ የሚያመጣው ገንዘቡ መትረፉ ሳይሆን ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ከተጓዦቹ የክፍያውን ግማሽ እንደ ቀብድ ከአሥር ቀን በፊት ተቀበሉ፤ ቀሪውን እስከ ረቡዕ። በመጨረሻው ሳምንት ለሚቀር ሰው ቀብዱ እንደማይመለስ በጽሑፍ ይወቅ።

ከደሴቱ ሰዎች ጋር መስማማት

ሐይቁ ላይ አምስት ዋና ዋና ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸዴቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ነዋሪዎቹ የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ ዛይኛ አላቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛም ይናገራሉ። አሳ ያጠምዳሉ፣ ተዳፋቱን በእርከን ይዘው ያርሳሉ። ብዙ ዛዮች ዛሬ ባቱና መቂ ከተማ ስለሚኖሩ የመጀመሪያውን ግንኙነት ለማድረግ ደሴቱ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም፤ ባቱ ጀልባ መነሻው ላይ ጠይቃችሁ የደሴቱን ተወላጅ አስጎብኚ ታገኛላችሁ። ተወላጅ መሆኑ ላይ አትደራደሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አስጎብኚ ታሪኩን ቢያውቅም የማን ቤት ባለፈው እንደተጎበኘና የማን ተራ እንደሆነ አያውቅም።

ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ተስማሙ፦ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምሳው ምን እንደሆነና ዋጋው፣ ቡና የሚፈላው በማን ቤት እንደሆነ፣ ለደሴቱ ማኅበረሰብ የሚከፈለውን ማን እንደሚቀበልና ደረሰኝ ማን እንደሚሰጥ። በወረቀት አስፍራችሁ ሁለቱም ወገን ኮፒ ይያዝ። ከድምሩ ሲሶውን ቀድማችሁ ላኩ፤ ምሳ የምትሠራው እናት እህል የምትገዛው በዚያ ነው። ቀድማ ከኪሷ እንድታወጣ ማድረግ እንግዳን አበድሮ እንዲያስተናግድ መጠየቅ ነው።

ቤቶቹ በተራ ይሁኑ። ሁልጊዜ መንገድ ዳር ያለው ወይም «ቆንጆ» የተባለው ቤት ብቻ ሲጎበኝ ጎረቤት ይቀየማል፤ በሦስተኛው ጉዞ መንደሩ ፊቱን ያዞራል። የተራውን ዝርዝር አስጎብኚው ይያዝ፣ እናንተም ጻፉት።

ለልጆች ብር፣ ከረሜላ ወይም እስክሪብቶ መንገድ ላይ አይሰጥም። አንድ ቡድን ሲሰጥ ቀጣዩ ቡድን ሲመጣ ልጆቹ ትምህርት ትተው ጀልባ ይጠብቃሉ። ደብተር መስጠት የፈለገ ለመምህሩ ይስጥ። ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅም ለተጓዦቹ አዲስ አበባ ላይ ሳሉ ይነገራቸው፤ ጀልባ ላይ ሲነገር ማንም አይሰማም።

መቼ ይኬዳል

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ከሁሉ ይሻላል። ዝናቡ አልቋል፣ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች ደርሰዋል፣ የፓርኩ ውስጥ መንገድ ደርቋል። ነገር ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ የመንደሩ ምሳ ጾም ይሆናል። ከጾመኞች ውስጥ አሳ የሚበሉም የማይበሉም ስላሉ የተጓዦቻችሁንም የአስተናጋጆቹንም ቀድማችሁ ጠይቁ። የቱሉ ጉዶ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ናት፤ ወር በገባ በ21 ደግሞ የማርያም ቀን ነው፤ በተለይ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ስትከበር ለትንሽ ቡድን ጉብኝት ቀኑ አይመችም። መስከረም 16 የደመራ ቀን፣ እንዲሁም ትልቅ ሩጫ ባለበት ዕለት መስቀል አደባባይ ለመኪና ስለሚዘጋ መነሻውን ወደ ጎተራ አዙሩ።

ዓርብ

በተጓዥ በቀን ሦስት ሊትር ውኃ አስቡ። ሹፌርና አደራጅ ሲጨመሩ ለአሥር ሰው፣ ለሁለት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይሆናል። ሰው ሁሉ የራሱን ኮዳ ይያዝ። የታሸገ ውኃ በደርዘን ጭኖ መሄድ ቀላል ይመስላል፤ ባዶው ፕላስቲክ ግን ደሴቱ ላይ የሚወስደው የለም።

ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖት ከባንክ አውጡ። ደሴቱ ላይ በቴሌብር መተማመን አይቻልም፤ ኔትወርኩ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል፣ በባለ 200 ከከፈላችሁም መልስ አይገኝም። የመንደሩን ቀሪ ክፍያ በፖስታ አሽጋችሁ ለብቻው ያዙ፤ ከሌላው ብር ጋር አይቀላቀል።

ባቱ 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አለ። ሆቴሉ አጎበር እንዳለው ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ረጅም እጅጌ ልብስና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ። የመንገዱን ደኅንነት ባቱ ያለውን አስጎብኚ ዓርብ ከሰዓት ጠይቁት፤ የሰኞ መረጃ ለቅዳሜ አይበቃም።

ቅዳሜ፦ መጀመሪያ ፓርኩ

ብዙ ቡድን ባቱ እንደደረሰ ጀልባ ይይዛል። ይህን አታድርጉ። ዝዋይ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውኃው ቶሎ ይናወጣል፣ አጭርና ተደራራቢ ማዕበል ይመታል። ረፋድ ላይ የተሻገረ ቡድን የሚመለሰው በዚያ ነፋስ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ለፓርኩ፣ እሑድ ማለዳ ለሐይቁ ይሁን።

ከመስቀል አደባባይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፤ ለተጓዦቹ ግን 11፡40 በሏቸው። በጎተራ፣ በቃሊቲ ወጥታችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ትይዛላችሁ፤ ሞጆ ላይ ወደ መቂና ባቱ ትታጠፋላችሁ። ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቁርስ በልታችሁ በሻሸመኔው መንገድ ቀጥሉ፤ ከ4 ሰዓት በፊት የአብያታ ሻላ በር ላይ መድረስ ይቻላል።

ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሁለቱ ሐይቆች ጠባይ ግን አይገናኝም። ሻላ ገደል ውስጥ የተኛ፣ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። አብያታ ዝርግ ነው፤ ዳርቻው ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሸሸ ሄዷል። ምክንያቱን ለተጓዦቹ ካርታ አውጥታችሁ አሳዩ፦ የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ላይ በመስኖ የተሳበው፣ ታች ደግሞ ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ ግብዓት የሚሆን ሶዳ) ምርት የተወሰደው ውኃ ሁሉ ከአብያታ ጎድሏል። ነገ የሚያዩት ሐይቅና ዛሬ የቆሙበት ጭቃ አንድ ውኃ መሆኑን የተረዳ ሰው ጉብኝቱ ሌላ ይሆንለታል።

ፍላሚንጎ ለመቅረብ ብላችሁ በአብያታ ዳርቻ ላይ መኪና አታስገቡ፣ በእግርም ያለ ስካውት አትራቁ። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ከሥሩ ያለው ጭቃ ጎማ ይውጣል፣ የሚጎትት መኪና እስኪመጣ ቀኑ ያልቃል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ይዛችሁ ከሩቅ ማየቱ ለወፎቹም ይሻላል፤ በተደጋጋሚ የሚባረር ፍላሚንጎ የሚመገብበትን ሰዓት ያጣል። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውኃ ደግሞ በቆሎ ይቀቅላል፤ ዳሩ ላይ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ ስካውቱ በረገጠበት ብቻ ርገጡ።

ከ7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መንገዱን ተሻግራችሁ ላንጋኖ ሐይቅ ሂዱ። መዋኘት የሚፈልግ እዚያ ይዋኝ። ውኃው ቡናማ የሆነው በደለል ነው፤ በቢልሃርዚያ (በሐይቅ ውኃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) ረገድ ከዝዋይ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ዝዋይ ውስጥ መዋኘትም ሆነ በባዶ እግር ውኃ መግባት ይቅር፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ።

10፡30 ገደማ ባቱ ጀልባ መነሻው ላይ ድረሱ። አጥማጆች አሳ ሲበልቱ አባ ኮዳና ፔሊካን እግር ሥር ድረስ ይመጣሉ። እራት እዚያው ይሁን፤ ቆሮሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ ጠይቁ።

እሑድ፦ ሐይቁ

12፡30 ላይ ጀልባው ዘንድ ተገኙ። ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር በዓይናችሁ እዩ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ቁጠሩ፤ ስምንት ተጓዥ፣ አደራጅና አስጎብኚ ሲደመር አሥር ነው፣ ማሰሪያው የተበጠሰ አይቆጠርም። ነዳጁ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ላይ ሲሶ የተጨመረበት ይሁን። መቅዘፊያ ይኑር፤ እምቦጭና ሌላ አረም የሞተሩን ማሽከርከሪያ ሲይዝ ሞተሩ ጠፍቶ መጽዳት አለበት፣ እስከዚያ ጀልባዋን የሚይዛት መቅዘፊያው ነው። የጀልባ ነጂው ስልክ ሹፌሩ ዘንድም ይመዝገብ። አንዱ ከጎደለ ይሟላ እንጂ «ዛሬ ችግር የለም» የሚለው ቃል አይበቃም።

ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቅዳሴ ሳያልቅ ከደረሳችሁ መንደሩ ባዶ መስሎ ይታያል፤ እርከኑን እያያችሁ ቆዩ፣ ካህናቱን አታጣድፉ። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው ዳገቱ ላይ ነው። በአካባቢው ትውፊት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ተሸሽገዋል። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ሁሉም የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። የብራና መጻሕፍቱን የሚያሳየው ካህን ሲፈቅድ ብቻ ፎቶ ይነሳሉ፤ በፍላሽ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ቡናው እስከ በረካ ይጠጣ። ከአቦል ተነስቶ መሄድ ባለቤቷን ያስከፋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ለቡና ብቻ ያዙ። ምሳ 5 ሰዓት ይቅረብ፤ በ5፡45 ጀልባው ይነሳ። ፖስታውን የምታስረክቡት ከመነሳታችሁ በፊት፣ በስምምነቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ተቀባይ ፊት፣ ተቆጥሮ ነው። የባለቤቷን የምግብና የቡና ዋጋ ለራሷ በእጇ ስጧት። ጉርሻ መስጠት የፈለገ ተጓዥ ለአስጎብኚውና ለጀልባ ነጂው ለየብቻ ይስጥ፤ ከመንደሩ ክፍያ ጋር ሲቀላቀል ቀጣዩ ቡድን ዋጋ አስወደዱብን ይላል።

8 ሰዓት ላይ ከባቱ ከተነሳችሁ የእሑድ ማታው የቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ሳይበረታ ትገባላችሁ። በሳምንቱ ውስጥ የወጪውን ዝርዝር ለተጓዦቹ ላኩ፤ የመንደሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለብቻው ይታይ። ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች አሳጥባችሁ በአስጎብኚው በኩል ለባለቤቶቹ አድርሱ፣ የሚቀጥለው ተራ የማን ቤት እንደሆነም በዚያው ጠይቃችሁ መዝግቡ።