ባቄላ፣ ሽምብራና የሰኞ ፈተና፦ በክፍላችሁ ያለውን የተማሪዎች ልዩነት እንዴት ታጠናላችሁ?

ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስታፍ ውስጥ ስለ ተማሪ ውጤት በተነሳ ቁጥር አንዱ «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ይልና ሻዩን ይጠጣል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ተረቱ ሐሰት አይደለም። ግን የትኛው ጣት፣ ምን ሲይዝ፣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልገጠመኝም። ይህን የምጽፈው በየዓመቱ ተግባራዊ ምርምር (መምህር የራሱን ክፍል ችግር የሚያጠናበትን) ሥሩ እየተባላችሁ፣ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ሽፋኑን ቀይራችሁ ለምታስገቡ ባልደረቦቼ ነው። እኔም አስገብቻለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንድ ዓመት ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ ከደሴ ዙሪያ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ከከተማዎቹ ዝቅ ብለው አየሁ። ከ20 በታረመ ፈተና በአማካይ ወደ ሦስት ነጥብ ልዩነት ነበረ። ደብተሬ ላይ «የገጠሮቹ መሠረታቸው ደካማ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ከባድ ጥያቄ ሲኖር ወደ እነሱ ረድፍ ማየት ተውኩ። ሳላስበው ነው የተውኩት፤ ይሄ ነው የሚያስፈራው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜው ከተጋመሰ በኋላ አንድ ልጅ በር አንኳኳ። ጫማው ጭቃ ነው፣ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አለ። ስንቅ ነው፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ትንሽ ቆሎ። ዓርብ ከሰዓት አገር ቤት ሄዶ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በእግሩ መምጣቱ ነው። እኔ ደግሞ ፈተና የምሰጠው ሁልጊዜ ሰኞ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን በእርማት ማሳለፍ ስለማልወድ። ፈተናውን ወደ ረቡዕ አዞርኩት። ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ በታች ወረደ። ምዕራፉም ተቀይሮ ስለነበር ሁሉንም ለሰኞ አልሰጠውም፤ ግን «መሠረታቸው ደካማ ነው» የሚለውን መስመር ሰረዝኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ ቀላል ነው። «ማን ይደክማል?» የሚለውን ተዉና «በምን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ይደክማል?» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ደብተር ያዙ። ከውጤቱ ጎን ቀኑን፣ ክፍለ ጊዜውን፣ ልጁ የተቀመጠበትን ረድፍ፣ ጥያቄው በምን ቋንቋና በምን መልክ እንደቀረበ አስፍሩ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ብርዱ እጅ የሚያደነዝዝበት የጠዋት ፈረቃና የከሰዓቱ አንድ አይደሉም። የረመዳን ወር ላይ ስምንት ሰዓት የተሰጠ ፈተናም እንደዚሁ። አንድ ፈተና አንድ ቀን ነው የሚያሳየው፤ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ያዙለት። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ (ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት እየተመላለሰ የጠየቀው በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ ባቄላና ሽምብራ ያስፈልጋችኋል። አልቀልድም። ትልቅ ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 20 መስመር አስምሩ። የአንዱን ቡድን እያንዳንዱን ልጅ በባቄላ፣ የሌላውን በሽምብራ በየውጤቱ ላይ ደርድሩ፤ ነጥቡ ሲደገም ወደ ላይ ደርቡ። እኔ የከተማዎቹን በባቄላ፣ የገጠሮቹን በሽምብራ አድርጌ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ስደረድር ልጄ «እማዬ ለሹሮ ነው?» አለችኝ። አማካዩ ብቻውን ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ያሉ አስመስሎኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ክምር ሆኑ። ከሽምብራዎቹ ብዙዎቹ ከባቄላዎቹ እኩሌታ በላይ ናቸው። አንድ ልጅ ሽምብራ መሆኑን ማወቄ ስንት እንደሚያመጣ አይነግረኝም። የወንድና የሴት ወሬ ሲነሳም ይህንኑ አስቡ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ሃይድ በ2005 የ46 ጥቅል ትንተናዎችን (የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የሚያሰሉ ሥራዎችን) ውጤት ሰብስባ ስታይ፣ ከተለኩት የሥነ ልቦና ልዩነቶች 78 በመቶው ወይ ትንሽ ወይ ከዜሮ የማይለዩ ነበሩ። የቡድን አማካይ የሚጠቅመው ቡድኑ ላይ የደረሰውን ነገር (እንደ ሰኞው ፈተና ያለውን) ፈልጉ ብሎ ሲጠቁማችሁ ነው። ልጅ ለመመዘን አይሆንም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። አሥርዮሽ ማባዛት ላይ ሁሌ ትወድቃለች። አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ እናቷ ቦታ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ኪሎው 48 ብር ነው፤ ሦስት ተኩል አልኳት። ሚዛኑን ሳታወርድ «ሦስቱ መቶ አርባ አራት፣ ግማሹ ሃያ አራት፣ መቶ ስልሳ ስምንት ነው ቲቸር» አለች። ሁለት መቶ ሰጠኋት፣ ሠላሳ ሁለት መለሰች፣ «ልመርቅልዎት» ብላ ሁለት ራስ ጨመረችልኝ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ 3.5 × 48 ብዬ ወረቀት ላይ ሰጠኋት። 1680 ብላ ጻፈች። ሽንኩርቱን በዚያ ዋጋ ብትሸጥልኝ ኖሮ ራሷ ትስቅ ነበር።

ብቻዋን አይደለችም። በ1985 ብራዚል ሬሲፌ ከተማ ውስጥ ካራሄርና ባልደረቦቿ ጎዳና ላይ የሚሸጡ ልጆችን እንደ ደንበኛ ቀርበው ሒሳብ ጠየቋቸው፤ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በቁጥር ብቻ ወረቀት ላይ ሲሰጧቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ፤ በታሪክ መልክ (በቃላት እንደተጻፈ ጥያቄ) ሲሆን 74 በመቶ ያህል። ልጆቹ አምስት ብቻ ነበሩ፣ የገበያውም ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀድም ነበር። እኛ ይህን ማሻሻል እንችላለን።

እንዲህ አድርጉ። እኩል የሚከብዱ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ አራቱ ቁጥር ብቻ፣ አራቱ በአማርኛ የገበያ ታሪክ፣ አራቱ የዚያው ዓይነት ታሪክ በእንግሊዝኛ። በሦስት ወረቀት ለዩአቸው። ማን የትኛውን ወረቀት አስቀድሞ እንደሚሠራ ዕጣ ይወስን፤ ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ከሠሩ መለማመዱን ከችሎታው መለየት አትችሉም። ከዚያ የክፍሉን አማካይ ሳይሆን የእያንዳንዱን ልጅ ሦስት ውጤቶች ጎን ለጎን እዩ። በአማርኛው ደህና ሆኖ በእንግሊዝኛው ብቻ የወደቀ ልጅ ችግሩ ሒሳብ አይደለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የማስተማሪያ ቋንቋው ተቀይሮበታል። በታሪክ ሠርቶ በቁጥር የወደቀ ደግሞ ሐሳቡ አለው፣ አጻጻፉ ነው የጎደለው፤ ለዚያች ልጅ «ኪሎው 48 ነው» ብዬ ጀምሬ ከአፏ የወጣውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። በሦስቱም የወደቀ ልጅ ካለ ወደ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ትምህርት ወርዳችሁ የት ላይ እንደቆመ ፈልጉ። የአንድ ወረቀት አራት ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ውጤቱን ካላመናችሁት በሌላ ሳምንት በአዲስ ቁጥር ድገሙት።

የማጠናከሪያ ትምህርት ነገር። ስንት ሪፖርት አይታችኋል «ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው 15 ተማሪዎች ተለይተው ቲቶሪያል ተሰጣቸው፣ ውጤታቸው ተሻሻለ» የሚል? ከአንድ ፈተና ታች ያሉትን ከመረጣችሁ፣ ምንም ባታስተምሯቸውም በሚቀጥለው በአማካይ ከፍ ይላሉ። ታች ከወረዱት አንዳንዱ የዚያን ቀን ጥርሱን ያመመው፣ መብራት የጠፋበት፣ ከወንድሙ የተጣላ ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በነዚያው ልጆች ሁሉ ላይ አይወድቅም። ፍራንሲስ ጋልተን ይህን በ1886 በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ አሳይቶታል፦ በጣም የረዘሙ ወላጆች ልጆች በአማካይ ወደ መሃል ይጠጋሉ።

መፍትሔው ዕቁብ ነው። ሁሉም ይደርሰዋል፣ ተራውን ግን ዕጣ ይወስናል። አሥራ አምስት ልጆች ካሉ ስማቸውን በብጥስጣሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ፣ ስምንቱን አውጡ። እነሱ በዚህ ወር ይማራሉ፣ ሰባቱ በሚቀጥለው። በመሃል ሁሉንም ፈትኑ። የሁለቱም ቡድን ውጤት እኩል ከፍ ካለ ቲቶሪያላችሁ ገና ምንም እንዳደረገ አታውቁም። ማንም ልጅ አልተከለከለም፤ ከወላጅ የሚመጣ ቅሬታ ካለም «ዕቁብ ነው» ብላችሁ ብታስረዱ ወዲያው ይገባቸዋል። ዳይሬክተሩን ማስረዳት ነው የሚያደክመው።

«በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር» እየተባለ የተሰጠንን ሥልጠና በአጭሩ ልለፈው። በ2008 ፓሽለርና ባልደረቦቹ ማስረጃውን ሲመረምሩ፣ ልጁን በ«ስልቱ» ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳምን አላገኙም። የሚያዋጣው ልዩነት ልጁ አስቀድሞ ምን ያህል ያውቃል የሚለው ነው። ለጀማሪ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይጠቅማል፤ የሚችለውን ልጅ ግን ያው ምሳሌ ያሰለቸዋል፣ አንዳንዴም ይጎዳዋል፤ ለእሱ ጥያቄውን ብቻ ስጡት። እኔ የሰሌዳውን ግማሽ ለአንዱ፣ ግማሽ ለሌላው አድርጌዋለሁ። ሃምሳ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል ከዚህ በላይ አልሆነልኝም።

የደብተሩን ነገር አደራ። ስም አትጻፉ፤ ቁጥር ስጡ፣ የቁጥሩን መፍቻ ቤት አስቀምጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ለምን እንደምትጠይቁ ንገሩ፤ እምቢ ያለን አትጫኑ። ቡድኖቹን «ጎበዝ» «ሰነፍ» ብላችሁ አትሰይሙ፣ ለቀጣዩ ዓመት መምህርም በቃል አታስተላልፉ። መምህር ስለ ልጁ የሚጠብቀው ነገር ውጤቱን ይለውጣል ብለው ሮዘንታልና ጃኮብሰን በ1968 ጽፈዋል፤ ስንት ይለውጣል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የኔን ወደ አንድ ረድፍ ማየት መተው ግን ማንም አይከራከረኝም።

ሪፖርቱን ስትጽፉ ያልሠራውንም ጻፉ። ባለፈው ዓመት የኔ ቲቶሪያል በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አላመጣም፤ እንደዚያው ጻፍኩ። ወረቀቱ «ይስተካከል» ተብሎ በቀይ ተመለሰልኝ። ቁጥሩን አልነካሁትም፣ ከጀርባው ባቄላና ሽምብራውን በእርሳስ ስዬ መልሼ አስገባሁት። ዘንድሮ የቲቶሪያሉን ሰዓት ከዓርብ ከሰዓት ወደ ማክሰኞ አዙሬዋለሁ፤ ባለ ስንቆቹ ዓርብ ከሰዓት መንገድ ላይ ናቸው። ዕጣው የሚወጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።